ስለ ዘወትር ዕጩ

በድሬዳዋ የምርጫ ወራት በቀረበ ቁጥር የሚደጋገም አንድ ቀልድ አለ። «ያ ሰውዬ ዘንድሮም ቀረበ እንዴ?» ይባላል። ቀልዱ በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር ሻይ ሲጠጣ ይነገራል፤ በመጋላ በርጫ ላይ ይነገራል፤ ከሳቢያን ወደ ለገሃሬ በሚበር ባጃጅ ውስጥም ይነገራል። «ሰውዬው» ማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ የለም፤ በየሠፈሩ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋምና። ባለፈው ተወዳድሮ ወደቀ፤ ከዚያ በፊትም ወድቆ ነበር፤ አሁንም ፎቶግራፉን በግድግዳ ላይ ለጥፎ ድምፅ ይለምናል። አድማጩ ይስቃል፤ ከሳቂዎቹ አንዱ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብሎ ይተርትና ጨዋታው ወደ ሌላ ይዞራል።

እኛ ጨዋታው ወደ ሌላ ከመዞሩ በፊት ጥቂት ልንቆይበት እንወዳለን። ዘወትር ዕጩ ስንል በየምርጫው የሚቀርብ፣ በየምርጫውም የሚሸነፍ፣ ተሸንፎም የማይቀር ሰው ማለታችን ነው። በዚህ ሰው ላይ የሚሳቀው ሳቅ ያለ ቦታው የዋለ ይመስለናል። ይሁን እንጂ መሸነፉ ብቻውን ጀግና አያደርገውም። ዘወትር ዕጩ ሊመዘን የሚገባው በሁለት ምርጫዎች መካከል በሠራው ሥራና ሲወድቅ ከኋላው ትቶት በሚሄደው ነገር ነው። አሳባችን ይህ ነውና ምክንያታችንን በቅደም ተከተል እናቀርባለን።

ለመሆኑ ዘወትር ዕጩ በአገራችን መቼ ተወለደ? በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ከወጣ በኋላ የመጀመሪያው የሕዝብ እንደራሴዎች ምርጫ በ1950 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ተደረገ። ከዚያም በ1953፣ በ1957፣ በ1961 እና በ1965 ዓ.ም. ተደገመ። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ከአዲስ አበባ ተመርጠው የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ለመሆን የበቁት በዚያ በመጀመሪያው ምርጫ ነው። ነገር ግን በዚያ ዘመን የፖለቲካ ፓርቲ የሚባል አልነበረም፤ ለመወዳደርም ባለ ንብረት መሆን ግድ ነበር። ስለዚህ ዕጩው የሚቆመው በገዛ ስሙና በገዛ ሀብቱ ነው። የወደቀ እንደ ሆነ አሳቡን ይዞ የሚቆይለት ድርጅት፣ ፈለጉን የሚከተልለት ወጣት አልነበረውም። ምክር ቤቱም ቢሆን መንግሥት ሊያቆም አይችልም ነበር፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩና።

ደርግ በተራው በሰኔ 1979 ዓ.ም. 835 አባላት ያሉበትን ብሔራዊ ሸንጎ አስመረጠ። ዕጩዎቹን የሚጠቁሙት ኢሠፓና በሥሩ የተደራጁት ማኅበራት ስለ ነበሩ ያሸነፈውም የተሸነፈውም የአንድ ቤት ሰው ሆነ። ይህን ታሪክ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ደጋግሞ የሚሸነፍ ተቃዋሚ ሊኖር የሚችለው ከገዢው የተለየ አሳብ ያለው ሰው ስሙ በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ እንዲጻፍ ሲፈቀድለት ነው። «ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብለው የሚተርቱ ሁሉ ይህች ወረቀት ስንት ዘመን ፈጅታ እንደ ተገኘች ቢያስቡ መልካም ነበር።

ብዙ ፓርቲ የሚወዳደርበት ምርጫ የተጀመረው በ1987 ዓ.ም. ነው፤ በዚያ ዓመት ግን ዋና ዋናዎቹ ተቃዋሚዎች አልገቡበትም። ከዚያ ወዲህ በየምርጫው ስማቸው ሲነሣ ከኖረው ሰዎች መካከል ሁለቱ የእኛው ቤት ሰዎች፣ ማለት የዩኒቨርሲቲ መምህራን ናቸው። አንደኛው ፕሮፌሰር በየነ ጴጥሮስ ናቸው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ያስተማሩ፣ በወባ በሽታ ላይ የተመራመሩ ሰው ነበሩ። በሽግግሩ መንግሥት ምክትል የትምህርት ሚኒስትር ሆነው ሠርተዋል፤ በ1985 ዓ.ም. ግን ድርጅታቸው በፓሪስ በተደረገው የተቃዋሚዎች ስብሰባ በመካፈሉ ምክንያት ከሽግግሩ ምክር ቤት እንዲወጡ ተደረገ። በ1992 ዓ.ም. ከሐዲያ ተመርጠው ምክር ቤት ገቡ። በ1997 ዓ.ም. ኅብረት የሚባለውን የተቃዋሚዎች ስብስብ መርተው ዳግመኛ ተመረጡ። በዚያን ጊዜ ኅብረት 52 ወንበር፣ ቅንጅት ደግሞ 109 ወንበር አገኙ። ከምርጫው በኋላ «ወንበራችንን እንያዝ ወይስ እንተው?» የሚለው ክርክር ኅብረትን ለሁለት ከፈለው። ፕሮፌሰር በየነ ወንበራቸውን ያዙ፤ በውጭ አገር የነበሩት ጓዶቻቸው ተለዩአቸው።

በ2002 ዓ.ም. መድረክ በሚባለው አዲስ ስብስብ ስም ቀረቡ። ውጤቱ ግን ከ547 ወንበሮች መካከል ኢሕአዴግና አጋሮቹ 545 ወሰዱ፤ ለመድረክ 1፣ ለግል ተወዳዳሪ 1 ብቻ ተረፈ። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ 547ቱም ወንበሮች የኢሕአዴግና የአጋሮቹ ሆኑ። በ1997 ዓ.ም. ከ170 የማያንሱ ተቃዋሚዎችን የመረጠ ሕዝብ በ10 ዓመት ውስጥ አንድ እንኳ የሚወድደው አጣ ማለት ነውን? አንባቢ ይፍረድ። ለእኛ ግን እነዚህ ሦስት ቁጥሮች፣ ማለት ከ170 በላይ፣ 2 እና 0፣ ጎን ለጎን ሊቀመጡ የቻሉት ሲሸነፉም እየተመለሱ የሚወዳደሩ ሰዎች ስለ ነበሩ ነው። ማንም ባይወዳደር ኖሮ ዜሮው ምንም ባልተናገረ ነበር።

በፕሮፌሰር በየነ ሕይወት ውስጥ አንድ ልብ የሚነካ ነገር አለ። ከ2010 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ መንግሥት የፖሊሲ ጥናት ኢንስቲትዩትን እንዲመሩ ሾማቸው። ሩብ ምዕት ዓመት ሙሉ ለማሻሻል የታገሉለትን የመንግሥት ፖሊሲ የሚያጠኑበት ወንበር የተሰጣቸው በሹመት ደብዳቤ እንጂ በድምፅ መስጫ ሣጥን አልነበረም። በሰውዬው አንፈርድም፤ ዕውቀታቸው ለአገር ዋለ። ነገር ግን በአገራችን ከሣጥኑ ይልቅ ደብዳቤው ቅርብ መሆኑን ይህ ታሪክ ያስተምረናል።

ሁለተኛው ሰው የፖለቲካ ሳይንስ መምህሩ ዶክተር መረራ ጉዲና ናቸው፤ ማዕረጋቸው በኋላ ፕሮፌሰር ሆኗል። በ1988 ዓ.ም. የኦሮሞ ብሔራዊ ኮንግረስን መሥርተው በ1997 ዓ.ም. ምክር ቤት ገቡ፤ በ2002 እና በ2007 ዓ.ም. ፓርቲያቸው ተሸነፈ። በኅዳር 2009 ዓ.ም. ከአውሮፓ ሲመለሱ ታሰሩ፤ በጥር 2010 ዓ.ም. ተፈቱ። በሰኔ 2013 ዓ.ም. ምርጫ የሚመሩት ፓርቲ ጽሕፈት ቤቶቻችን ተዘግተዋል፣ መሪዎቻችን ታስረዋል ብሎ ሳይወዳደር ቀረ። ዘወትር ዕጩ ከወረቀቱ ላይ ሲጠፋ መራጩ ይህንንም እንደ አንድ ወሬ ሊያደምጠው ይገባዋል። ሁልጊዜ የሚጮኽ ሰው ዝም ሲል «ምን ሆነ?» ብሎ መጠየቅ የጎረቤት ወግ ነው።

አሁን ወደ ከተማችን እንመለስ። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ከምድር ባቡር ጋር የተወለደች፣ ከየአቅጣጫው የመጣውን ሁሉ አቅፋ ያሳደገች ከተማ ናት። በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 2 ወንበር አላት፤ ከዚያ በተረፈ የራሷ የከተማ ምክር ቤት አላት። በዚህ ምክር ቤትና በአስተዳደሩ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት የኖረው ቀመር 40፡40፡20 የሚባለው ነው፤ 40 በመቶው ለኦሮሞው ፓርቲ፣ 40 በመቶው ለሶማሌው ፓርቲ፣ የቀረው 20 በመቶ ለሌሎች ማለት ነው። ከንቲባነቱም በሁለቱ መካከል በተራ ሲዘዋወር ኖሯል።

ይህ ቀመር ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ከተማዪቱ በሁለት ክልሎች መካከል ያለች፣ ሁለቱም የይገባኛል ጥያቄ ያነሡባት ስለ ሆነች ጠብ ለማብረድ የታሰበ ነው። ጠብ ከሚነሣ ክፍፍል ይሻላል የሚል ሰው ቢኖር አንነቅፈውም። ነገር ግን ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ወንበሩ የተከፋፈለ እንደ ሆነ በዚያ ምርጫ ውስጥ የሚቀርብ የግል ዕጩ ወይም የትንሽ ፓርቲ ዕጩ ከማን ጋር ነው የሚወዳደረው? ከሰው ጋር ቢሆን ኖሮ ተከራክሮ ሊረታ ይችል ነበር። እርሱ የሚወዳደረው ከሒሳብ ጋር ነው፤ ሒሳብን ደግሞ በንግግር ማሸነፍ አይቻልም። በየሠፈሩ የሚሳቅበት ያ ሰውዬ ብዙ ጊዜ የወደቀው የሚናገረው ስለ ጠፋው ላይሆን ይችላል ማለታችን ነው።

እንግዲህ ማሸነፍ የማይችል ሰው ለምን ይወዳደራል? አንዱ መልስ ጥያቄ እንዳይረሳ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ሞልቶ ከ2 መቶ በላይ ሰው የወሰደበትን ሌሊት ከተማው አይረሳውም። ነገር ግን «ከዚያ ወዲህ ምን ተሠራ? በወንዙ ዳርስ ዛሬም ማን ይኖራል?» የሚለውን ጥያቄ በአደባባይ ሊጠይቅ የሚገባው ማን ነው? በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሲመረቅ ለገሃሬ ያለው አሮጌው ጣቢያና ወርክሾፑ፣ ከዚያም ጋር በባቡር ደመወዝ ልጆቹን ያሳደገው ሠራተኛ ምን ይሁን የሚለውስ? የተመረጠው ሰው እነዚህን ጥያቄዎች ሲጠየቅ መልስ ማዘጋጀት አለበት፤ የሚጠይቀው ሰው ከሌለ ግን መዘጋጀት አያስፈልገውም። ዘወትር ዕጩ ባያሸንፍም ተመራጩን ለመልስ ያስነሣዋል። ይህ ትንሽ አገልግሎት አይደለም።

የድሬዳዋ ዘመድም ንግድም ከድንበር ማዶ ስለ ሆነ ከጎረቤት የምንማረው አለ። በሐርጌሳ እ.ኤ.አ. በ2003 በተደረገው የፕሬዚዳንት ምርጫ አሕመድ መሐመድ ሲላንዮ በ80 ድምፅ ልዩነት ተሸነፉ ተባለ። ከ4 መቶ 80 ሺህ በላይ ድምፅ በተሰጠበት ምርጫ 80 ድምፅ ምን ያህል እንደ ሆነች አስቡት፤ አንድ የመማሪያ ክፍል ናት። ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ፍርድ ቤቱም ልዩነቱን በመጠኑ ለወጠው እንጂ ውጤቱን አልገለበጠውም። ተከታዮቻቸውን ወደ ጠብ ሳይመሩ ውጤቱን ተቀበሉ፤ ፓርቲያቸውን ይዘው ቆዩ፤ በ2010 ተመልሰው ቀረቡና አሸነፉ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

በዚያው በሐርጌሳ ግን ሌላ ዓይነት ዘወትር ዕጩ አለ። ፋይሰል አሊ ዋራቤ በ2003፣ በ2010፣ በ2017 እና በ2024 ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድረው አራቱንም ጊዜ ሦስተኛ ወጡ። ከፓርቲያቸው አብዱራሕማን መሐመድ ዒሮ የሚባሉ ሰው ተነሥተው የፓርቲውን መሪነት ቢጠይቁ ጠብ ሆነ፤ ዒሮ ወጡና ዋደኒ የሚባል የራሳቸውን ፓርቲ መሠረቱ። በ2024 በተደረገው ምርጫ ዒሮ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ ፋይሰል ግን ከመቶ አንድ እንኳ ሳይሞላላቸው ቀረ። ቦታውን በጊዜው ለቅቆ ቢሆን ኖሮ አሸናፊው የእርሱው ፓርቲ ሊሆን ይችል ነበር የሚል ሰው ቢኖር ተሳሳትክ ልንለው አንችልም።

ራቅ ብለንም ብንሄድ ነገሩ ይኸው ነው። በዛምቢያ ሐካይንዴ ሒቺሌማ ከ2006 ጀምሮ አምስት ጊዜ ወድቀው በስድስተኛው፣ በ2021፣ አሸነፉ። በሴኔጋል አብዱላይ ዋድ ከ1978 ጀምሮ አራት ጊዜ ተሸንፈው በ2000 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ተሳካላቸው፤ ነገር ግን 22 ዓመት የተመኙትን ወንበር ከያዙ በኋላ መልቀቅ አቃታቸው፤ በ2012 ለሦስተኛ ጊዜ ሲቀርቡ ሕዝቡ አባረራቸው። በኬንያ ራይላ ኦዲንጋ በ1997፣ በ2007፣ በ2013፣ በ2017 እና በ2022 ተወዳድረው ፕሬዚዳንት ሳይሆኑ በ2025 ዐረፉ። ሆኖም በ2017 ባቀረቡት አቤቱታ የኬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፕሬዚዳንት ምርጫ ሽሮ እንደገና እንዲካሄድ አዘዘ፤ እንዲህ ያለ ፍርድ በአፍሪካ ከዚያ በፊት አልታየም ነበር። አሸናፊዎች ለአገራቸው መንገድና ድልድይ ትተው ያልፋሉ፤ ይህ ተሸናፊ ግን ለአገሩ የፍርድ ምሳሌ ትቶ አለፈ።

ከእነዚህ ሁሉ የምናየው ምንድን ነው? የወደቁበት ጊዜ ብዛት ሰዎቹን አይለያያቸውም፤ ሁሉም ብዙ ጊዜ ወድቀዋል። የለያያቸው አንዱ ፓርቲ ሠርቶ መቆየቱ፣ አንዱ ፓርቲውን እንደ ርስቱ መያዙ፣ አንዱ ሽንፈቱን ወደ ሕግ መውሰዱ፣ አንዱ ደግሞ ያገኘውን አልለቅም ማለቱ ነው።

በዚህ ሚዛን የእኛን አገር ዘወትር ዕጩዎች ብንመዝን ቅሬታ አለን፤ ሳንደብቅ እንናገራለን። በየአምስት ዓመቱ «መንግሥት ይለወጥ» እያሉ የሚቀርቡ ብዙዎች የራሳቸውን ፓርቲ ሊቀ መንበር በሃያ ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ አልለወጡም። ዛሬ ተጣምረው ነገ ይለያያሉ፤ ኅብረት ሲሉ ሁለት፣ ሁለት ሲሉ አራት ይሆናሉ። ደግሞ ከምርጫ ወር በፊት ቢሮ ተከራይተው ከምርጫ ወር በኋላ ቁልፉን የሚመልሱ አሉ። ድምፅ የለመኑትን ሰው በማግሥቱ መጥተው «ስለ ሰጠኸን እናመሰግናለን፤ ስለ ነፈግኸን ምክንያትህን ንገረን» አይሉትም። ፖለቲካው ስላጠበባቸው ነው ብንል ከፊሉ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ወጣትን ማሠልጠንና የድምፅ ቆጠራን መዝግቦ ማስቀመጥ ሁልጊዜ የመንግሥት ፈቃድ አያስፈልገውም።

ስለዚህ ለዘወትር ዕጩ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ በየምርጫ ጣቢያው በር ላይ የሚለጠፈውን ውጤት ገልብጦ ያስቀምጥ፤ የት ስንት እንዳገኘ፣ ካለፈው ምርጫ ምን ያህል እንደ ጨመረና እንደ ቀነሰ ያሳውቀን። ሽንፈት የተጻፈ እንደ ሆነ ትምህርት ነው፤ ያልተጻፈ እንደ ሆነ ግን ቀልድ ሆኖ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ሁለት ጊዜ የወደቀ ሰው ለሦስተኛው ጊዜ ሲቀርብ ከጎኑ አንድ ወጣት አቁሞ ይቅረብ፤ ስብሰባውን ያስመራው፣ ንግግሩን ያስነግረው፣ ከዚያም ቦታውን ይልቀቅለት። ሦስተኛ፣ በሁለቱ ምርጫዎች መካከል ባሉት ዓመታት በገንደ ቆሬም በአዲስ ከተማም ይታይ፤ ውሃ የጠፋበት ሠፈር ችግሩን ከማን ጋር እንደሚያማክር ይወቅ።

ለመራጩም የምንለው አለ። አንድ ሰው ለአምስተኛ ጊዜ ሲወዳደር ስቀን የምናልፈው ከሆነ ያለ ተቀናቃኝ ለአምስተኛ ጊዜ የሚመረጠውን ሰው ግን ለምን በዝምታ እናልፈዋለን? ከሁለቱ የትኛው ነው የበለጠ ሊያስደንቀን የሚገባው? በወንበር ላይ ያረጀው ሰው የተከበረ፣ ወንበር ሲለምን ያረጀው ሰው የተናቀ የሆነበት አገር መመዘኛው ወንበሩ ብቻ ሆኗል ማለት ነው።

ለእኛ ለተማሪዎች ይህ ጉዳይ የሩቅ ወሬ አይደለም። ብዙዎቻችን በሰኔ 2013 ዓ.ም. ለመምረጥ ዕድሜያችን አልደረሰም ነበር። ስለ ምርጫ የምናውቀው ከመምህርና ከአባት የሰማነውን ነው፤ የሰማነውም አብዛኛው ቀልድ ነው። ሁለት ሰዎች ተከራክረው አንዱ ረትቶ አንዱ ተረትቶ፣ የተረታውም በሰላም ወደ ቤቱ ሄዶ በሚቀጥለው ጊዜ ሲመለስ በዓይናችን ሳናይ ተመርቀን እንወጣለን። ይህን ልምምድ ልናየው ከምንችልባቸው ቦታዎች አንዱ የገዛ ማኅበራችን ነው። በተማሪዎች ማኅበር ምርጫም በየዓመቱ ቀርቦ የሚወድቅ ጓደኛ አይጠፋም፤ በእርሱም ይሳቃል። ከሳቁ ይልቅ ግን በሚቀጥለው ምርጫ አሳቡን ጽፎ እንዲያቀርብ፣ አሸናፊውም በአደባባይ ቆሞ እንዲመልስለት ብናደርግ ማኅበራችን ይጠቀማል።

መምህራኖቻችንንም የምንለምነው አንድ ነገር አለ። ፕሮፌሰር በየነና ፕሮፌሰር መረራ ከክፍል ወደ አደባባይ የወጡት ማስተማር ሰልችቷቸው አይደለም። ከዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሆኖ ለመወዳደር ድፍረት ያላገኘ መምህር ቢያንስ አዳራሹን ሊከፍት ይችላል። ምርጫ ሲቀርብ በድሬዳዋ የሚወዳደሩት ዕጩዎች ሁሉ፣ ገዢውም ተቃዋሚውም፣ የግል ተወዳዳሪውም ያ የሚሳቅበት ሰውዬም፣ በዩኒቨርሲቲያችን አዳራሽ በአንድ መድረክ ላይ እኩል ሰዓት ተሰጥቷቸው ይከራከሩ። ተማሪው ስለ ደቻቱ፣ ስለ ባቡሩ፣ ስለ ውሃው፣ ተመርቆ ስለሚያጣው ሥራ ይጠይቃቸው። የተባለው ሁሉ ይመዝገብ፤ መዝገቡም በቤተ መጻሕፍታችን ይቀመጥ። ከአምስት ዓመት በኋላ ያ ሰውዬ እንደገና ሲቀርብ «ዘንድሮም ቀረበ እንዴ?» ብለን ከመሳቃችን በፊት መዝገቡን አውጥተን «ያን ጊዜ ያልከውን ምን አደረስከው?» ብለን እንጠይቀዋለን፤ ያሸነፈውንም ከዚያው መዝገብ እንጠይቀዋለን።